ለምን በጥቅምት?

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከሥራ ወጥቼ እኅቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የዐፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ በቃሏ ታጠናለች። በማግሥቱ ክፍል ፊት ቆማ ልታሰማው ነው። እኔም ቡናዬን እየጠጣሁ በልቤ አብሬያት እላለሁ፤ እኛም በልጅነታችን አጥንተነዋልና። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸው በጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ ላይ ከትቶ እንዲገኝ ከሚያዝዙበት ቦታ ስትደርስ ድንገት ዝም አለች። የረሳች መስሎኝ ላስታውሳት አፌን ስከፍት፣ «ጋሼ፣ ለምን በጥቅምት?» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ ያንን አዋጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ቁጥሩን አላስታውሰውም። በየካቲት 23 በዓል ላይ ሰምቼዋለሁ፤ በመድረክ ሲነበብ አጨብጭቤለታለሁ፤ እንዲያውም አንድ ግጥሜ ውስጥ አጣቅሼዋለሁ። ይህቺን ጥያቄ ግን ጠይቄ አላውቅም። የታሪክ መምህሮቼም አልጠየቁኝም። የጥያቄዋ መልስ በጂኦግራፊ ደብተር ውስጥ ነበረና የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የጂኦግራፊ ደብተር ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

መልሱ ዝናብ ነው። አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። በመስከረም የሰሜን ሸዋና የወሎ መሬት ገና ጭቃ ነው። የጀማና የወንጪት ወንዞች እንደሞሉ ናቸው፤ ከቆላቸው ገብቶ መውጣት ለባዶ እግር ገበሬ ቀርቶ ለበቅሎም አይቻልም። በጥቅምት ግን ሰማዩ ይጠራል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ሣሩ ለከብቱ አለ፣ እሸቱ ደርሷል። ሠራዊቱ ኅዳርን ተጉዞ ወደ ትግራይ ሲቃረብ ደግሞ አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት ወቅት ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ ስንቁን በአህያና በሚስቱ ጀርባ ተሸክሞ የሚዘምት ነበርና፣ በመንገድ የሚያገኘው እህል የዘመቻው ግማሽ ነው። እንግዲህ «ጥቅምት» የምትለው ቃል በአዋጁ ውስጥ የተቀመጠችው ለቤት መምቻ አይደለም። ከጄኔራል በላይ የሆነ ጄኔራል ነበር፤ እርሱም ክረምት ነው።

ይህንን ለልጅቱ ስነግራት ዓይኗ በራ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ሌላ ነገር ያብሰለስለኝ ጀመር።

በዚህ ዘመን የአየር ንብረት ለውጥ ለብቻው አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ከሚሰጥ ይልቅ በየዕለቱ በሚሰጡት ትምህርቶች ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ በየአገሩ ይነሣል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ2019 የትምህርት ሚኒስትሯ በሎሬንዞ ፊዮራሞንቲ አንደበት በየክፍሉ በዓመት 33 ሰዓት እንደምትመድብለት አስታውቃ፣ በ2020 የትምህርት ዘመን በሥነ ዜጋ ትምህርት ጥላ ሥር ጀመረች። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት በ2020 ደንግጋ ከ2022 መስከረም ጀምሮ ሥዕልንና ስፖርትን ጨምሮ በሰባት የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ እንዲሰጥ አደረገች። መልካም ነው። እኔ ግን ባንክ ቤት ቁጭ ብሎ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው እንጂ የትምህርት ባለሙያ ስላልሆንኩ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት አወጣጥ ልከራከር አልደፍርም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰማዩ ከድሮም በትምህርቶቻችን ውስጥ ነበረ። ደባብቀነው ነው እንጂ ማስገባት አያስፈልገንም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የደበቅነው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ክፉ ቀንን እንውሰድ።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። መጀመሪያ ከብት አለቀ። እንደሚታመነው በሽታው የገባው ጣልያኖች ለሠራዊታቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል ነበር። በአማርኛ ስሙ «ደስታ» ይባላል፤ ከቋንቋችን ምጸቶች ሁሉ ይህን የሚያህል መራራ አላውቅም። (ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።) ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ ሞፈር ቆመ። በዚያው ላይ ዝናቡ ቀረ፤ የዛሬ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች በዚያው ዘመን ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ተከስቶ እንደነበር ይናገራሉ፤ እርሱ በተከሰተ ጊዜ ደግሞ የእኛ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። ከዚያ አንበጣው፣ ከዚያ ተምቹ፣ ከዚያ ተስቦውና ፈንጣጣው ተከተለ። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህንን ዘመን ለብቻው ባጠኑበት ጽሑፍ ካሰባሰቧቸው ምስክርነቶች መካከል ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እየቆፈሩ መኳንንቱን ያለ በሬ ማረስ ነውር አለመሆኑን እንዳሳዩ ይተረካል።

አሁን የታሪክ መጽሐፉን ግለጡት። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ ይህ አንድ ምዕራፍ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ጣልያኖች ደጋውን ወጥተው አሥመራን የያዙት በዚያው ዓመት ክረምት ነው፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ክፉ ቀን ደግሞ አራተኛ ቦታ ላይ፣ «የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ሁኔታ» በሚል ርእስ ሥር፣ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ተማሪው አራቱንም ለፈተና ያጠናል። አራቱም በአንድ ረኃብ ውስጥ የሆኑ መሆናቸውን ግን አያውቅም። የደጋው ሰው ቀስቱን ሳይሆን በሬውን ባጣበት ዓመት ነው ባዕድ ያለ ብዙ ውጊያ የወጣው። ውጫሌ ላይ የተቀመጡት ንጉሥ አገራቸው እየተራበ የተቀመጡ ንጉሥ ነበሩ። ይህንን ሳናውቅ ስለ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የትርጉም ልዩነት ብቻ ስንከራከር እንኖራለን።

ዐድዋ ራሱስ ቢሆን? የዘመቱት ከክፉ ቀን የተረፉ ናቸው። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲቀመጡ ሁለቱም ስንቃቸው እየተሟጠጠ ነበር። ባራቲየሪ ወይ መመለስ ወይ መግጠም ግድ የሆነበት፣ ምኒልክም ብዙ ቀን መቆየት የማይችሉበት ሰዓት ነበር። የታሪኩ ጉልላት ላይ ቆሞ ስለ ጀግንነቱ መናገር ተገቢ ነው፤ ከጉልላቱ በታች ግን እንጀራ አለ፣ ከእንጀራው በታች ዝናብ አለ።

አሁን ለዛሬ ዋና ጉዳዬ የሚሆን አንድ ግጥምጥሞሽ ልጥቀስ። ዐድዋ በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ልክ በቀጣዩ ወር፣ በኤፕሪል 1896፣ ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ስቫንተ አረኒየስ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ከእርሱ በፊት ፈረንሳዊው ፉሪየ በ1824 ምድር ሙቀቷን የሚይዝላት ነገር በአየሯ ውስጥ እንዳለ አስቦ ነበር። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 የብርጭቆ ሲሊንደሮችን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበቱ ከሌሎቹ አብልጦ እንደሚግል አሳየች፤ ይህ ዛሬም በማናቸውም ትምህርት ቤት በሁለት ጠርሙስና በሁለት ቴርሞሜትር የሚሠራ ሙከራ ነው። ቲንዳል በ1859 ቀጠለ። አረኒየስ ግን ቁጥር አወጣለት። ያለ ማስሊያ መሣሪያ፣ በብዕርና በወረቀት፣ አንድ ዓመት ያህል ሲያባዛና ሲያካፍል ከርሞ፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ትሞቃለች አለ። የዛሬው ሳይንስ ወደ 3 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ምስኪን አረኒየስ ብርዳም አገር ሰው ነበርና መሞቁን እንደ በረከት ነበር የቆጠረው!

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ወረ ኢሉ ላይ ገበሬው ስንቁን ሲቋጥር ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ሰው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ የምድር ሙቀት እንዴት እንደሚለወጥ ያሰላ ነበር። አንዱ በሌላው መኖር አልሰማም። የታሪክ መምህር ለዚህ ዓመት የሚሰጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሆን፣ ግማሹን ለዐድዋ፣ ሩቡን ለክፉ ቀን፣ ሩቡን ለአረኒየስ ቢሰጠው ምን ያጣል?

ሒሳብም ቦታ አለው። አረኒየስ ያገኘው ሕግ ለባንክ ሠራተኛ ቶሎ ይገባዋል። የተጠራቀመ ወለድ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃላችሁ፤ ጊዜው በእኩል እርምጃ ሲሄድ ገንዘቡ በብዜት ይሄዳል። የአረኒየስ ሕግ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጋዙ በብዜት ሲያድግ ሙቀቱ በእኩል እርምጃ ያድጋል። ይህም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ለምን ይጠቅመናል?» እያልን ያማረርነው ሎጋሪዝም ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 280ዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። 420ን ለ280 ማካፈል አንድ ተኩል ነው። የአንድ ተኩል ሎጋሪዝም ለሁለት ሎጋሪዝም ሲካፈል 0.585 ይመጣል፤ በ3 ዲግሪ ሲባዛ አንድ ዲግሪ ከሦስት ሩብ። ምድር እስካሁን ይህን ያህል አልሞቀችም፤ ውቅያኖስ ሙቀቱን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያዘገየዋል፣ የጭሱ ብናኝም ጥቂት ጥላ ይጥላል። ዕዳው ግን ተመዝግቧል። በእኛ ሙያ ቋንቋ የመክፈያው ጊዜ ገና ነው እንጂ ብድሩ ወጥቷል።

እኔ የተማርኩት በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት ነበረን። ላሟም፣ ገበያውም፣ አፈሩም፣ ዝናቡም፣ ቀበሌውም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ከዚያ ከፍ ስንል መጽሐፉ ተሰነጠቀ። ዝናቡ ለጂኦግራፊ፣ ላሟ ለባዮሎጂ፣ ቀበሌው ለሥነ ዜጋ ደረሱ። እንደ ውርስ ክፍፍል ነበር፤ ወንድማማቾቹም ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ያኔ ነው «ግሪንሃውስ» የሚባለውን ቃል የሰማሁት። መምህሩ የመስታወት ቤት ነው አሉን። የመስታወት ቤት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለፈተናው ሸመደድኩት። ከዓመታት በኋላ አንድ ሌሊት ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ እናቴ ጋቢ ስትደርብልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ጋቢ እሳት የለውም፤ የራስህን ሙቀት ነው የሚመልስልህ። ሁለተኛ ጋቢ ከተደረበ ግን ታልብሃለህ። ምድርም እንዲሁ ናት። (እግረ መንገዴን ልናዘዝና፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ሐረግ ግጥም ውስጥ ለማስገባት ብዙ ሞክሬ ነበር። ስንኙ በየጊዜው ይሰበራል። «ጋቢ» ግን ይገባል።)

የጥንቱ ትምህርት ቤትማ ይህንን ክፍፍል አያውቀውም ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚማር ተማሪ ቁጥርንና ወቅትን በአንድነት ነው የሚማረው። መፀው መስከረም 26 ይገባል፣ በጋ ታኅሣሥ 26፣ ፀደይ መጋቢት 26፣ ክረምት ሰኔ 26። ዜማውም ከወቅቱ ጋር ይለወጣል። ይህ ቀመር የተሠራው ሰማይ ቃሉን በሚጠብቅበት ዓለም ነው። ሰማይ ቃሉን ሲያፈርስ ቀመሩ ሐሰት አይሆንም፤ እንዲያውም መለኪያ ይሆናል። ዝናቡ ስንት ቀን እንደዘገየ ማወቅ የሚቻለው መቼ መምጣት እንደነበረበት ለሚያውቅ ሰው ነውና።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ አደጋ አለበት፤ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ሰማይን ወደ ታሪክ ክፍል ስናስገባ፣ ሰው የሠራውን ኃጢአት ለሰማይ የምናሸክምበት በር እንከፍታለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ «ዝናብ ቀረ» ተባለ። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ረኃቡን መደበቁም እውነት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት በእንግሊዝ ታየ፤ እኛ አገር በቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዋዜማ ደግሞ በልጉም ክረምቱም ቀረ፤ ጦርነቱ ግን አልቀረም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልም አልቀረም።

በዚህ መካከል አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙ ሰው ናቸው፤ ስለ ዝናብና ስለ ተራራ ብቻ ጽፈው ደመወዛቸውን መብላት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዚያው በረኃቡ ዓመት፣ ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን ዓመታት መርምረው፣ ድርቅ ሌላ ረኃብ ሌላ ነው አሉ። ገበሬው በግብርና በጭሰኝነት፣ በግፍና በቸልታ ጎተራው ስለተራቆተ ነው አንድ ክረምት ሲቀር የሚሞተው። ጂኦግራፊን ከደብተሩ አውጥተው ወደ ፍትሕ ያስገቡ ሰው ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር ዐረፉ።

እንግዲህ የዛሬው መምህር በእርሳቸው ላይ ምን ይጨምራል? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል ተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ቀሩ። ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአየር ጠባይ ክስተቶችን መነሻ የሚያጠኑ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ይህን የመሰለ ድርቅ የመድረስ ዕድሉ በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት ቢያንስ መቶ እጥፍ እንደጨመረ አስታወቁ። መስፍን ድርቁ የሰማይ፣ ረኃቡ የሰው ነው ብለው ነበር። ዛሬ ከድርቁም ውስጥ የሰው እጅ ወጣ። የእጁ ባለቤት ግን የቦረናው አርብቶ አደር አይደለም። ከሰሉን ያነደዱት ሌሎች ናቸው። ይህ የመስፍንን ዐረፍተ ነገር አያፈርሰውም፤ ያስረዝመዋል። ግማሹን ብቻ የሚማር ልጅ ሁለት ዓይነት ውሸት አንዱን ይዞ ይወጣል፤ ወይ «ሰማይ ፈረደብን» ይላል፣ ወይ «ሁሉም የፈረንጅ ጥፋት ነው» ብሎ የራሱን ሹም ይረሳል። ሁለቱንም ስሌት በአንድ ሰሌዳ ላይ መሥራት የሚቻለው በታሪክ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው ለብቻው በተከለለ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ብዙም እምነት የሌለኝ።

ጣልያንን ቀደም ብዬ አንሥቼ ነበር። በ1880ዎቹ በሽተኛ ከብት በምጽዋ ያወረደች አገር፣ ከ130 ዓመት በኋላ ለልጆቿ ስለ ሰማይ መለወጥ በግድ እንዲማሩ ከወሰኑት ቀዳሚ ሆነች። ሚኒስትሯ ፊዮራሞንቲ ግን ለትምህርት በቂ በጀት አልተሰጠኝም ብሎ በአዋጁ ማግሥት፣ በ2019 ዲሴምበር፣ ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህንን ሳነብ የአገሬ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ትዝ አሉኝና ፈገግ አልኩ።

እኛ ዘንድ በጀት የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። በየመስከረሙ የአማርኛ መምህር ወደ ክፍል ገብቶ የመጀመሪያውን ድርሰት ያዝዛል፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ»። ሁላችሁም ጽፋችሁታል። አክስት ቤት ሄድኩ፣ ዝናቡ በረታ፣ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደ፣ ዘንድሮ በቆሎ አልያዘም። ትምህርት ቤቱ ራሱ በሰኔ የሚዘጋውና በመስከረም የሚከፈተው በክረምቱ ምክንያት ነው፤ ድርሰቱም የክረምቱ ነው። ከየመንደሩ፣ ከየዓመቱ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ የዝናብ መዝገብ! ከአሥር ታርሞ ይመለሳል፤ ከዚያ የስኳርና የሽሮ መጠቅለያ ይሆናል። የእኔ የአራተኛ ክፍሉ ተጠቅልሎበት የሄደው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የእኅቴ ልጅ በማግሥቱ አዋጁን ክፍል ፊት አሰምታ ተጨበጨበላት። «ጥቅምት» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ አለችኝ። መምህሩ ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም።